የኖርጅማ ሦስት ማመልከቻዎች

ፎቶ አንሺው ሻሿን እንድታወልቅና ጸጉሯን ከጆሮዋ ኋላ እንድትሰበስብ ሲነግራት፣ ኖርጅማ የሚቀልድባት መስሏት ነበር። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባዕድ ሰው ፊት ራሷን ገልጣ አታውቅም።

«ጆሮዬን ምን ያደርጉታል?» አለችው።

«ቪዛ ቢሮው ነው የሚፈልገው፣ እማማ። ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበት።»

«እኛ ፍየል ስንገዛ ጥርስ ነው የምናየው።»

ፎቶ አንሺው ሳቀ። «ደግሞ ፈገግ እንዳይሉ። ፈገግታም አይፈቀድም።»

«እሱ አያስቸግርም» አለች።

ፎቶው ከሳምንት በኋላ ተመለሰ። የግራ ጆሮዋ ላይ ጥላ አርፎበታል ተባለ። ከምትኖርበት ሸለቆ እስከ ኡላንባታር በጭነት መኪና ሰባት ሰዓት ያስኬዳል። ለአንድ ጆሮ ጥላ ሰባት ሰዓት ሄዳ፣ ሰባት ሰዓት ተመለሰች። 

ይህ ሁሉ ወደ ማዶ ለመሄድ ነው። የሸለቆው ሰው ያን አገር በስሙ አይጠራውም፤ ማዶ ይለዋል። ከየቤቱ አንድ ሰው እዚያ አለ። ከኖርጅማ ቤት ያለችው ታናሽ እህቷ ሴቭጂድ ናት።

እናታቸው ስትሞት ሴቭጂድ ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር፤ ኖርጅማ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ልጅቱን ያሳደገቻት እሷ ናት። ፀሐይ ላይ የደረቀ እርጎ እንደ ጠጠር ነው፤ በወተት ጥርስ አይሰበርም። ኖርጅማ መጀመሪያ በራሷ ጉንጭ ይዛ ታርሰዋለች፤ ሲለሰልስ አውጥታ ለልጅቱ ታጎርሳታለች። ሴቭጂድ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ እንኳ ይህን አልተወችም። መዳፏን ትዘረጋና «እታለም፣ ያለሰለስሽውን» ትላለች።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲሞላት ለሦስት ወር ጉብኝት ብላ ማዶ ገባች። አልተመለሰችም። በባሕር ዳር አንድ መጋዘን ውስጥ የባሕር ሣር እያደረቀች አሥራ አራት ዓመት ኖረች። ብርዱ የሸለቆውን ከብት በጨረሰበት ዓመት ለተረፉት መኖ የገዛላቸው እሷ የላከችው ገንዘብ ነው። ኖርጅማ ዛሬ የምታልባቸው ላሞች የዚያ መኖ ልጆች ናቸው።

በየካቲት ሴቭጂድ ታመመች። የጉበት በሽታ ነው። ሐኪሙ አውሮፕላን አትችልም አለ። በስልኩ መስታወት ላይ ፊቷ ቢጫ ሆኖ፣ ጉንጯ ጎድጉዶ ታየ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ምንም ለምና የማታውቅ ልጅ «እታለም፣ ነይና እዪኝ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እርጎ ይዘሽልኝ ነይ» አለች።

ኖርጅማ ፍየሎቿን አበጥራ፣ ጠጉሩን ሸጣ እንደጨረሰች ኡላንባታር ወረደች። የዱሮ ጎረቤቷ ልጅ ኻሊውን እዚያ ጉዳይ አስፈጻሚ ናት። ደረጃ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ለሰው የቪዛ ወረቀት ታዘጋጃለች።

«ሐኪሙ የጻፈውን አምጥቻለሁ» አለች ኖርጅማ።

ኻሊውን ወረቀቱን ሳትከፍት መልሳ አጠፈችው። «እትዬ፣ ይሄን ማንም እንዳያይብዎት። የሴቭጂድ ቪዛ ካለፈ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። እህቷ ነኝ ካሉ ስሟን ይፈልጋሉ፤ ሲያገኙት ደግሞ እርስዎም እንደሷ ይቀራሉ ይላሉ። እርስዎ የሚሄዱት ለጉብኝት ነው።»

«ምን ልጎበኝ?»

«ቤተ መንግሥት። ግንብ። የአበባ መናፈሻ። የዓሣ ገበያ። ደሴት። አምስት ቀን፣ አምስት ቦታ። ከጠየቁዎት በቅደም ተከተል ይነግሯቸዋል።»

ከዚያ የወረቀቱ ዓይነት መጣ። የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት። የሥራ ማስረጃ። የደርሶ መልስ ትኬት። አምስቱንም ምሽት የሚያድሩበት ሆቴል። በመጨረሻም ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ የሚያሳይ ማስረጃ።

«እንደምመለስማ ከብቶቼ አሉ» አለች ኖርጅማ። «መቶ ሰማንያ ፍየል፣ ዘጠና በግ፣ አሥራ አንድ ላም። እነዚህን ጥሎ የሚቀር ማነው? አእምሮውን የሳተ ሰው ነው።»

«ፎርሙ ላይ የከብት ቦታ የለም፣ እትዬ። ቤት አለ፣ መኪና አለ፣ መሬት አለ።»

«ቤቴ ድንኳን ነው። በዓመት አራት ጊዜ ይነቀላል።»

«ድንኳንም የለም።»

ኖርጅማ ፎርሙን ተቀብላ አገላበጠችው። ወፍራም፣ ነጭ፣ ንጹሕ ወረቀት ነው። ዕድሜ ልኳን የኖረችበት ነገር አንዱም እዚያ ላይ አልነበረም። መልሳ ሰጠቻት። የቀበሌው ሊቀመንበር ከብቶቿን ቆጥሮ ማኅተም ያሳረፈበት ደብዳቤ «ሌሎች» በሚለው ሥር ገባ።

በሰኔ መልስ መጣ። አልተፈቀደም። ምክንያት አልተጻፈም። ኻሊውን ግን ስቴትመንቱን እያየች ገመተች። «ገንዘቡ በአንድ ቀን ነው የገባው። አምስት ወር ባዶ፣ ከዚያ ባንዴ ሙሉ። ለማስመሰል ተበድረው ያስገቡት ነው የሚመስላቸው።»

«በአንድ ቀን ነው የሚገባው!» የኖርጅማ ድምፅ ከደረጃው በላይ ተሰማ። «ፍየል የሚበጠረው በሚያዝያ ነው። ጠጉሩ የሚሸጠው አንዴ ነው። በየወሩ የሚበጠር ፍየል ካላቸው ያሳዩኝ፣ እኔም ልግዛ።»

«እኔን አይቆጡኝ፣ እትዬ።»

«ማንን ልቆጣ? ሰው አሳዪኝና እሱን ልቆጣ።»

እውነቷን ነበር። ቪዛ ቢሮው ውስጥ የምትቆጣው ሰው አልነበረም። መስኮት አለ፤ መስኮቱ ላይ ወረቀት የሚያልፍበት ስንጥቅ አለ። ወረቀት ይገባል፣ ወረቀት ይወጣል። ድጋሚ ለማመልከት ሦስት ወር መጠበቅ ነው።

ሦስቱን ወር ያሳለፈችው በሥራ ነው። ሣር አጨደች፤ እርጎ አደረቀች። ጎረቤቷ ጋሽ ዳሽፑንሳግ ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ነገር ፈላጊ ሽማግሌ ናቸው። ማለዳ ማለዳ መጥተው ከበረቱ አጥር ላይ ተደግፈው ይፈትኗታል።

«ሦስተኛ ቀን?»

«የአበባ መናፈሻ።»

«አራተኛ?»

«የዓሣ ገበያ።»

«ዓሣ ትወጃለሽ?»

«ቀምሼ አላውቅም።»

«ታዲያ ሰባት ሰዓት በመኪና፣ አራት ሰዓት በአውሮፕላን ሄደሽ የማትበዪውን ዓሣ ልታዪ ነው? እኔ መስኮቱ ጋ ብሆን አልፈቅድልሽም።»

«አንቱ ደግሞ የራስዎን በግ ይቁጠሩ» ትላለች። ሽማግሌው ይስቃሉ፤ እሷም በዚያ ወራት የሳቀችው ከእሳቸው ጋር ብቻ ነው።

በመስከረም ሁለተኛው ማመልከቻ ገባ። ኻሊውን አስጠንቅቃታለች። «በዚህኛው ስልክ ይደውላሉ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ እዚያ አገር ዘመድ አለዎት ወይ ይላሉ። ፎርሙ ላይ የለኝም ብዬ ሞልቻለሁ። እርስዎም የለኝም ይበሉ። አንዲት ቃል ናት፣ እትዬ።»

ኖርጅማ መልስ አልሰጠችም። ኻሊውን ከተማ ያደገች ልጅ ናት፤ ዝምታዋን እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

ስልክ የሚይዘው ከበረቱ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ብቻ ነው። ኖርጅማ አራት ቀን ሙሉ ጉልበቷን እያሻሸች ወጥታ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ተደወለ። የወጣት ሴት ድምፅ ነው፤ የራሷ አገር ልጅ፣ ቃሏ የለሰለሰ።

«ጤና ይስጥልኝ እማማ። ለምን ዓላማ ነው የሚሄዱት?»

«ለጉብኝት።»

አምስቱን ቦታዎች በቅደም ተከተል ጠራቻቸው። ሆቴሉንም ተናገረች። ልጅቱ በመሣሪያ ስትጽፍ ጣቷ ይሰማል።

«እዚያ አገር የሚኖር የሥጋ ዘመድ አለዎት? እህት፣ ወንድም፣ ልጅ?»

ኖርጅማ አፏን ከፈተች። ቃሉ እንደታሰበው አጭር ነበር። ነገር ግን በዚያ ሸለቆ በሕይወት ያለን ሰው፣ ያውም የታመመን፣ «የለኝም» የሚል ሰው የለም። «የለኝም» የሚባለው ለሞተ ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው መናገር የሞቱን መንገድ መጥረግ ነው ይላሉ። የጋሽ ዳሽፑንሳግ አባት ወንድሙን ከወታደር መልማይ ሊሰውር ብሎ «ወንድም የለኝም» ያለ ሰው ነበር። ወንድምየው በሳምንቱ ከፈረስ ወደቀ። እሳቸው ይህን ሲያወሩ አይስቁም።

«እማማ? ይሰሙኛል?»

«አለችኝ» አለች ኖርጅማ። «ታናሽ እህት አለችኝ።»

የጣቶቹ ድምፅ ቆመ። «ፎርሙ ላይ የለኝም ነው የሚለው።»

«ፎርሙን ሌላ ሰው ነው የሞላው። ይሄ የኔ አፍ ነው።»

«ስሟን ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

«ስሟን አልሰጥሽም። አለች ግን።»

መልሱ በአሥር ቀን መጣ፤ አልተፈቀደም። ኻሊውን ደወለች።

«አንዲት ቃል ነበረች፣ እትዬ ኖርጅማ። አንዲት ቃል።»

«እናትሽ ደኅና ናት?» አለች ኖርጅማ።

«ደኅና ናት። ምነው?»

«እስቲ እናት የለኝም በይ። አሁን፣ በዚህ ስልክ፣ እኔ እየሰማሁሽ። በይ።»

ኻሊውን አላለችም። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ከሦስት ወር በኋላ እንሞክራለን።»

ሴቭጂድ ግን ተቆጣች። በስልኩ መስታወት ላይ፣ ትራስ ተደግፋ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ እንደ ልጅነቷ ተቆጣች። «አንቺ ግትር። የለችም ብትዪ ምን ይነካኛል? እኔኮ አሥራ አራት ዓመት የለሁም ስል ነው የኖርኩት። ፖሊስ መጋዘኑን ሲያንኳኳ ከሣሩ ጀርባ ሆኜ የለሁም እላለሁ። የቤት አከራይዋ ውል ላይ የለሁም። የደሞዝ መዝገብ ላይ የለሁም። አንድ ቀን ጨምረሽ ብትይው ኖሮ መጥተሽ ነበር።»

«አልወጣልኝም» አለች ኖርጅማ።

«ማውጣት ነበረብሻ።»

«አልወጣልኝም አልኩሽ፣ ሴቭጂድ።»

ከዚያ ሴቭጂድ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። «እርጎው ደረቀ?»

«ደርቋል። ነጭ ሆኗል ዘንድሮ፣ ሣሩ ጥሩ ነው።»

«ማስገባት አይቻልም አሉኮ። ወተት ነክ ነገር፣ ሥጋ፣ ምንም። አየር ማረፊያ ላይ ውሻ አላቸው።»

«እናያለን» አለች ኖርጅማ።

ሴቭጂድ በኅዳር ሞተች። የደወለችው የመጋዘን ጓደኛዋ ኦድማ ናት። ኖርጅማ ወሬውን የሰማችው ኮረብታው ላይ ቆማ ነው። ስትወርድ ጋሽ ዳሽፑንሳግ ከአጥሩ አጠገብ ነበሩ፤ ፊቷን አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እሷም በረቱን ከፍታ ገባችና እስኪመሽ ድረስ ፋንድያ ጠረገች። የተጠረገውንም መልሳ ጠረገችው።

ለቅሶው አልመጣ አለ። የመጣው ቁጣ ነው። በልቧ የምትቆጣውን ሰው ትፈልግ ነበር፤ መስኮቱን፣ ስንጥቁን፣ ያቺን የለሰለሰች ድምፅ። አልፎ አልፎ ደግሞ የምታገኘው ራሷን ነበር። ቃሉን አልተናገረችም፤ ልጅቱ ግን ሄደች። አለመናገሯ ምን አዳነ? ብትናገረው ኖሮ በመስከረም መጨረሻ እዚያ ትሆን ነበር፤ ሴቭጂድ ኅዳር ድረስ ነበረች። እነዚያን ሳምንታት በጣቷ ትቆጥራቸዋለች። ቆጥራ ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

አስከሬኗ እዚያው ማዶ ተቃጥሎ፣ አመዷን በትንሽ ሣጥን አድርጋ ያስቀመጠችው ኦድማ ናት። «ቤቴ ናት» አለች። «እስክትመጪ አትነካም።»

ሦስተኛው ማመልከቻ በጥር ገባ። ቤተ መንግሥት፣ ግንብ፣ መናፈሻ፣ ገበያ፣ ደሴት። ያው ፎቶ፣ ያው ሁለት ጆሮ። ኖርጅማ በበረዶው ላይ ኮረብታውን ወጣች። የደወለችው ያቺው ድምፅ ነበረች።

«እዚያ አገር የሚኖር የሥጋ ዘመድ አለዎት?»

«የለኝም።»

ጣቶቹ ሊጽፉ ጀምረው ቆሙ። «ባለፈው… እህት አለችኝ ብለው ነበር።»

«ነበረችኝ።»

ልጅቱ የሸለቆ ልጅ ሳትሆን አትቀርም፤ ቃሉ ገብቷታል። «እማማ፣ እኔ… እንዲህ ብዬ መጻፍ አለብኝ።»

«ጻፊ» አለች ኖርጅማ። «የለኝም ብለሽ ጻፊ። ፈልጋችሁት የነበረው ይሄው አይደል?»

ቪዛው በስምንት ቀን ወጣ። ኻሊውን ፓስፖርቱን ስትሰጣት እንኳን ደስ ያለዎት ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ወረቀት ነበር። ተጓዡ ከተመለሰ በሰባት ቀን ውስጥ ፓስፖርቱንና የትኬቱን ቁራጭ ይዞ መስኮቱ ላይ መመለሱን ያሳውቅ ይላል።

ማዶ ስትደርስ ማሽኑ ጣቷን አላወቀም። አርባ አምስት ዓመት ላም ያለበ፣ ፍየል ያበጠረ ጣት ነው፤ መስመሩ አልቋል። የድንበሩ ሠራተኛ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገ ስምንት ጊዜ ሞከረ። «የመጡበት ምክንያት?» የሚል ጽሑፍ በራሷ ቋንቋ ስክሪኑ ላይ መጣ። «ጉብኝት» የሚለውን ነካች። አፏ ተዘግቶ ነበር። በግራ ጉንጯ ውስጥ አንድ ቁራሽ የደረቀ እርጎ ይዛ፣ ከአውሮፕላኑ ስትወርድ ጀምራ ታርሰው ነበር። ውሻው ሻንጣዋን አሸተተ፣ ኮቷን አሸተተ፣ አለፈ። ወደ ሰው አፍ የሚያይ ውሻ አልነበራቸውም።

የኦድማ ክፍል ከመጋዘኑ ጀርባ ናት። ሣጥኑ መደርደሪያ ላይ በሰማያዊ ሐር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ኖርጅማ ሐሩን ፈታች። ከጉንጯ የለሰለሰውን አውጥታ ከሣጥኑ ክዳን ላይ አኖረችው፤ ሐሩንም መልሳ ጠቀለለችው። ኦድማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ባሕሩን ላሳይሽ?» አለች በኋላ።

«እሷ ትሠራበት የነበረውን አሳዪኝ።»

መጋዘኑን አየች። ከሣሩ ጀርባ ሰው የሚደበቅበትን ቦታ ጠየቀች፤ ኦድማ አሳየቻት። የክንድ ስፋት ያለው ክፍተት ነው። ኖርጅማ ራሷ ገብታ ቆመችበት፤ ትከሻዋ ሁለቱንም ወገን ነካ። ሌላውን አራቱን ቀን የትም አልሄደችም።

ኡላንባታር ስትመለስ ኻሊውን በመኪና ተቀበለቻት። ጋሽ ዳሽፑንሳግ ከብቱን እንደያዙ ነው፤ ቶሎ መሄድ ነበረባት። ሆኖም «መጀመሪያ መስኮቱ ጋ» አለች።

«ሰባት ቀን አለዎት፣ እትዬ። እንዲህ ይዘው… ነገ እኔ ላደርስልዎት እችላለሁ።»

«መስኮቱ ጋ አልኩሽ።»

ሰልፍ ቆመች። ሃያ ሰው ያህል ከፊቷ አለ፤ ሁሉም ነጭ ወረቀት ታቅፏል። እሷ የታቀፈችው ሰማያዊውን ጥቅል ነው። ተራዋ ሲደርስ ፓስፖርቱንና ቁራጩን በስንጥቁ አሳለፈች።

«ብቻዎን ነው የተመለሱት?» አለች ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ። ለሁሉም የምትጠይቀው ነው፤ ቀና ብላ አላየችም። ድምፁ ያው ነበር፣ የለሰለሰው። ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ ልጅ ነች። ኖርጅማ ከሰኔ ጀምራ የፈለገችው ሰው ይሄው ተገኘ። የያዘችው ቁጣ ግን ለዚህች ልጅ ይበዛባት ነበር።

«ሁለት ነን» አለች።

«በፎርሙ ላይ አንድ ሰው ብቻ…» ልጅቱ ቀና አለች። ሐሩን አየች፤ የሣጥኑን መጠን አየች። የኖርጅማንም ድምፅ አወቀችው። እጇ ማኅተሙ ላይ እንዳለ ቀረ።

«እንደምመለስ ማስረጃ አምጪ ብላችሁኝ ነበር» አለች ኖርጅማ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እኔ ይኸው በአምስት ቀኔ። ይቺ ለሦስት ወር ጉብኝት ብላ የሄደች ናት፤ ትንሽ ዘገየች። ስሟን ጠይቀሽኝ ነበር። ሴቭጂድ ትባላለች። ተመልሳለች ብለሽ ጻፊ።»

ልጅቱ ብዕር አነሳች። የምትጽፍበት ቦታ ፎርሙ ላይ አልነበረም፤ በኅዳጉ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ፓስፖርቱን በሁለት እጇ ይዛ በስንጥቁ መለሰች፤ በሸለቆው ለታላቅ ሰው እንደሚሰጠው።

ኖርጅማ ተቀብላ ወጣች። ኻሊውን የመኪናውን ሞተር አላጠፋችም ነበር።

«ተቀበሉዎት?»

«ንጂ» አለች ኖርጅማ፣ ጥቅሉን ጭኗ ላይ እያስተካከለች። «ከብቱ ውሃ አልጠጣም።»